አያት በጽኑ ሲታመሙ

ልጅ ከሚወዳቸው ዘመዶች መካከል አያት ልዩ ሥፍራ አላቸው። አባትና እናት ለሥራ ሲወጡ ልጁን የሚጠብቁ፣ ማታ በእሳት ዳር ተረት የሚነግሩ፣ ሲያጠፋ የሚቈጡ፣ ሲያለቅስም የሚያባብሉ እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ አያት በጽኑ የታመሙ እንደ ሆነ ልጁ እጅግ ይደነግጣል። ድንጋጤውም የሚበረታው ነገሩን የሚያስረዳው ሰው ሲያጣ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች በሹክሹክታ ይነጋገራሉ፤ ልጁ ሲገባም ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ ልጁ ያልሰማውን ነገር በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል፤ በሐሳብ የተሞላውም ነገር ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይልቅ ያስፈራል።

አያቶችን ከሚያገኙ ጽኑ ደዌዎች አንዱ ካንሰር ነው። ይህ ትምህርት የበሽታውን ጠባይ፣ ሐኪሞች የሚሠሩትን ሥራ፣ ልጅም ለታመሙት አያቱ ሊያደርግ የሚገባውን ይናገራል።

፩፤ ስለ በሽታው ስምና ጠባይ

ብዙ ሰው የዚህን በሽታ ስም መጥራት ይፈራል፤ «ያ ክፉ በሽታ» እያለ ያልፈዋል። ነገር ግን ስሙን መጥራት በሽታውን አያመጣውም፤ ስሙን መሸሸግም በሽታውን አያባርረውም። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ የተረቱት ስለዚህ ነው።

ካንሰር የሚለው ቃል በሮማውያን ቋንቋ ሸርጣን ማለት ነው። ሸርጣን በውኃ ውስጥና በውኃ ዳር የሚኖር፣ ብዙ እግር ያለው ፍጥረት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው የግሪክ ሐኪም ሂፖክራጥስ በሽታውን በዚህ ፍጥረት ስም እንደ ጠራው ይነገራል። በእባጩ ዙሪያ የተገተሩት የደም ሥሮች የሸርጣን እግር ስለሚመስሉ ነው ይባላል።

በአማርኛ ይህ በሽታ ነቀርሳ ሲባል ኖሯል። ዳሩ ግን ብዙ ሳል ያለው ሌላ በሽታም የሳንባ ነቀርሳ ይባላል። ሁለቱ በስም ተመሳሰሉ እንጂ በጠባይ አይገናኙም። የሳንባ ነቀርሳ የሚመጣው በዐይን ከማይታይ ተሐዋሲ ነው፤ የታመመው ሰው ሲያስል በአየር ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። ካንሰር ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከታመመው ሰው ጋር በአንድ ገበታ ቢበሉ፣ በአንድ ኩባያ ቢጠጡ፣ እጁን ቢይዙ፣ ጉንጩን ቢስሙ፣ በአጠገቡም ቢተኙ አይጋባም። በስም መመሳሰል ምክንያት ስንት ሕመምተኛ ያለ ጥፋቱ ተርቋል!

እንግዲህ ካንሰር ምንድር ነው? የሰው ሥጋ የተሠራው ሕዋሳት ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ሕዋሳት በሥርዓት ይኖራሉ፤ ያረጁት ይሞታሉ፤ በእግራቸውም አዲሶች ይተካሉ። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ ቁስሉ የሚሽረው አዲሶች ሕዋሳት ተባዝተው ሥፍራውን ስለሚሞሉት ነው። ቁስሉ በሞላ ጊዜ ግን ሕዋሳቱ መብዛታቸውን ይተዋሉ። በካንሰር ጊዜ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። ጥቂት ሕዋሳት አቁሙ የሚላቸውን ሕግ አይሰሙም፤ ያለ ልክ ይበዛሉ፤ እባጭ ይሆናሉ፤ የጤነኞቹንም ሥፍራና ምግብ ይወስዳሉ። ቈይተውም ከተነሡበት ቦታ ለቀው በደም ሥር ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አጥንት ሊሄዱ ይችላሉ። ሐኪሞች በሽታው የደረሰበትን መጠን በ4 ደረጃ ይከፍሉታል። በ1ኛው ደረጃ የተገኘ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ በ4ኛው ደረጃ የተገኘ ግን ከተነሣበት ሥፍራ ርቆ የሄደ ስለ ሆነ ማዳኑ ይከብዳል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዲስ በካንሰር ታመዋል። ከ5 ሰዎች አንዱ በዕድሜው ዘመን ይህ በሽታ ያገኘዋል። በሽታው ባለጠጋና ድኻ፣ ደግና ክፉ አይለይም፤ ዕድሜ በጨመረ መጠን ግን ይበዛል። ስለዚህ የታመመ ሰው ያለበት ቤተ ሰብ ሊያፍር አይገባውም፤ «እርግማን ነው» ወይም «የኃጢአት ቅጣት ነው» የሚለውንም ወሬ ሊቀበል አይገባውም።

፪፤ ስለ ሐኪሞች ሥራ

ሐኪሞች ካንሰርን በሦስት ዋና ዋና መንገዶች ይዋጉታል። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው፤ እባጩ በአንድ ሥፍራ ሳለ ቈርጠው ያወጡታል። ሁለተኛው የጨረር ሕክምና ነው። ዊልሄልም ሮንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1895 ዓ.ም. በሥጋ ውስጥ የሚያልፈውን ጨረር አገኘ፤ ማሪ ኩሪና ባሏ ፒየር ኩሪም በ1898 ዓ.ም. ራዲየም የተባለውን ጨረር የሚያወጣ ነገር አገኙ፤ እነዚህም ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች በጨረር ኃይል የታመሙትን ሕዋሳት መግደል ተማሩ። በኢትዮጵያ ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበረ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በጅማና በሌሎችም ከተሞች ተጀምሯል።

ሦስተኛው መንገድ በደም ሥር ወይም በአፍ የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ፈጥነው የሚበዙትን ሕዋሳት ያጠፋል። የጠጕር ሥርም ፈጥኖ የሚያድግ ስለ ሆነ አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ የአያቱ ጠጕር የረገፈ እንደ ሆነ ልጅ አይደንግጥ፤ ጠጕሩን ያረገፈው መድኃኒቱ ነው እንጂ የበሽታው መባስ አይደለም። መድኃኒቱ ሲቆም ጠጕሩ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።

ጸሎት የሚጸልይና ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ አይገባውም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ ግን በሽታው እጅግ ከገፋ በኋላ ይገኛል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ማዳን እንደማይቻል ይናገራል። ብዙ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ «እንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም» ይላል። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው፤ የሚቀጥለው ታሪክ ስሕተትነቱን ያሳያል።

፫፤ ፍርሃት የሚያርቀው ልጅ

በአርሲ፣ ከአሰላ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ የገበሬዎች መንደር፣ አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነበረ እንበል። ከሴት አያቱ ጋር በአንድ ቤት ይኖር ነበር። አያቱ መጀመሪያ እንጀራ ሲበሉ ያንቃቸው ጀመር፤ ኋላም ገንፎ እንኳ አልወርድ አላቸው፤ በመጨረሻም አጥሚትና ወተት ብቻ የሚጠጡ ሆኑ። ሰውነታቸው ከሳ፤ ቀሚሳቸውም ሰፋቸው። ወደ ሐኪም ቤት በተወሰዱ ጊዜ ሐኪሙ መብራት ያለበት ቀጭን ቧንቧ በአፋቸው አስገብቶ የምግብ መውረጃቸውን ተመለከተ፤ ከእባጩም ጥቂት ቈርጦ ለምርመራ ላከ። የምርመራውም መልስ ካንሰር ነው የሚል ሆነ። የምግብ መውረጃ ካንሰር በአርሲና በባሌ ብዙ ጊዜ የሚታይ በሽታ ነው። የአያቲቱ ሕመም ወደ ጉበታቸው አልፎ ነበረና ቀዶ ሕክምና የማይጠቅማቸው ሆነ።

የልጁ አባት ከሐኪም ቤት ሲመለስ በቤቱ ላሉት ሁሉ እንዲህ ሲል አዘዘ፦ «ለእናቴ እንዳትነግሯት። ጨጓራ ነው በሏት።» ልጁ ይህን ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ሰማ። በማግሥቱ ነገሩን በትምህርት ቤት ለአንድ ጓደኛው ነገረው። ጓደኛውም፦ «ነቀርሳ ይተላለፋል። አጎቴን የያዘው ከሌላ ሰው ሳል ነው። ከእርሳቸው ጋር አትብላ፤ በአጠገባቸውም አትተኛ» አለው። ጓደኛው የተናገረው ስለ ሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ልጆች ልዩነቱን አላወቁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ራቀ። ሁልጊዜ ማታ ከአያቱ ጋር በአንድ መደብ ይተኛ የነበረው፣ ከብቶቹ በሚያድሩበት በኩል ጋቢውን ይዞ መተኛት ጀመረ። አያቱ አጥሚታቸውን ጠጥተው የተረፈውን እንደ ልማዳቸው ሲሰጡት፣ «ጠግቤአለሁ» እያለ ይወጣ ነበር። አያቱም አንድ ጊዜ ኩባያውን ዘረጉ፤ ሁለተኛም ዘረጉ፤ በሦስተኛው ቀን መዘርጋቱን ተዉ። ልጁ ይህን አየ፤ ልቡም አዘነ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም።

ከዚህም በላይ ሌላ ሐሳብ ያስጨንቀው ነበር። ባለፈው ክረምት አያቱ ውኃ ቅዳልኝ ባሉት ጊዜ እንቢ ብሎ ክፉ ቃል መልሶላቸው ነበር። እርሳቸውም በዝናብ ራሳቸው ሄደው ቀዱ። ልጁ «የታመሙት በእኔ ምክንያት ነው» ብሎ ያስብ ጀመር፤ ይህንም ለማንም አልተናገረም።

በቀበሌው የምትሠራ አንዲት የጤና ሠራተኛ አያቲቱን ልትጠይቅ በመጣች ጊዜ፣ ልጁ በበሩ ውጭ ብቻውን ቆሞ አገኘችው። ለምን እንደማይገባ ጠየቀችው። እርሱም ዐይኑን ወደ ምድር ጥሎ፣ «ይይዘኛል» አላት። የጤና ሠራተኛይቱ አልሳቀችበትም፤ አልተቈጣችውምም። በድንጋይ ላይ አጠገቡ ተቀምጣ፦ «ሳል ያለው የሳንባ ነቀርሳ ሌላ ነው፤ የአያትህ ሕመም ሌላ ነው። እኔ ስንት ሰው እንዲህ ታሞ አስታምሜአለሁ፤ ይኸው ጤነኛ ነኝ» አለችው። ልጁም ስለ ውኃው ነገራት። እርስዋም፦ «ክፉ ቃል የሰው ልብ ያሳዝናል፤ ካንሰር ግን አያመጣም። ስላሳዘንሃቸው ይቅርታ ጠይቃቸው፤ ስለ ሕመማቸው ግን ራስህን አትክሰስ» አለችው።

ልጁ ገባ። አያቱ በመደቡ ላይ ተጋድመው ነበር፤ በአጠገባቸውም ግማሽ የቀረው የአጥሚት ኩባያ ነበረ። ልጁ ምንም ሳይናገር ኩባያውን አንሥቶ የቀረውን ሁሉ ጠጣ። አያቱም ዝም ብለው ተመለከቱት፤ ከዚያም ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው በአጠገባቸው ቦታ ሰጡት። ስለ ውኃውም ይቅርታ በጠየቃቸው ጊዜ፣ «እኔስ ረስቼው ነበር፤ አንተ እስካሁን ተሸክመኸው ኖረሃል?» አሉት።

፬፤ ሕመምተኛን ስለ መዋሸት

ከጥቂት ቀን በኋላ ቤቱ ጭር ባለ ጊዜ አያቱ ልጁን ጠርተው፦ «ልጄ፣ አንተ አትዋሸኝም፤ ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ተጨነቀ። ጨጓራ ነው ቢል መዋሸት ሆነበት፤ እውነቱን ቢናገር የአባቱን ትእዛዝ ማፍረስ ሆነበት። ጥቂት ካሰበ በኋላ፦ «እማማ፣ እኔ እርስዎን መዋሸት አልወድም። ይህን ግን አባባ ቢነግርዎት ይሻላል፤ ልጥራው» አለ። ከቤትም ወጥቶ በአውድማው ወዳለው አባቱ ሮጠ፤ የሆነውንም ነገረው።

በኢትዮጵያ ብዙ ቤተ ሰብ የበሽታውን ስም ከሕመምተኛው ይሸሽጋል። ይህን የሚያደርገው ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር ነው፤ ሕመምተኛው ተስፋ ይቈርጣል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው በገዛ ሥጋው የሚሆነውን ያውቃል። ሁሉም ሲሸሽጉት ፍርሃቱን የሚያካፍለው ሰው ያጣል፤ በሰው መካከል ተቀምጦ ብቻውን ይሆናል።

የልጁ አባት ብዙ ጊዜ በዝምታ ቆመ። ከዚያ በኋላ የጤና ሠራተኛይቱን ይዞ ወደ እናቱ ገባ፤ እውነቱንም በቀስታ ነገራቸው። አሮጊቲቱ አልጮኹም። «በጉሮሮዬ ያለውን ከእናንተ በፊት ዐውቄዋለሁ። የከበደኝ ብቻዬን ማወቄ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ እናትና ልጅ አብረው አለቀሱ፤ ካለቀሱም በኋላ ስለሚሆነው ነገር መነጋገር ቻሉ። አሮጊቲቱ የዕድራቸውን ነገር አስተካከሉ፤ የተበደሩትን ተናገሩ፤ ተጣልተዋት የነበረችውን ጐረቤታቸውንም አስጠርተው ታረቁ። እውነቱ ባይነገራቸው ኖሮ ይህን ሁሉ የሚያደርጉበት ጊዜ ባመለጣቸው ነበር።

እዚህ ላይ የልጁን አደራረግ ማስተዋል ይገባል። እንዲህ ያለውን ከባድ ነገር መናገር የልጅ ሥራ አይደለም፤ የትልልቆች ሥራ ነው። መዋሸትም የልጅ ሥራ አይደለም። ልጅ ከአቅሙ በላይ የሆነ ጥያቄ በቀረበለት ጊዜ ወደሚችለው ሰው መውሰድ ይገባዋል።

፭፤ ማዳን በማይቻልበት ጊዜ

በእንግሊዝ አገር በ1918 ዓ.ም. የተወለደች ሲስሊ ሳንደርስ የተባለች ሴት ነበረች። በመጀመሪያ ሕመምተኞችን የምታስታምም ነርስ ነበረች፤ ጀርባዋን ስላመማት ግን ያን ሥራ ትታ ሕመምተኞችን በችግራቸው የምትረዳ ሠራተኛ ሆነች። በዚያም ሥራ ሳለች በካንሰር ታሞ ለሞት የቀረበ አንድ የፖላንድ ስደተኛ አገኘች። ዘመድ የሌለው ሰው ነበረና እየሄደች ታጫውተው ነበር። ሁለቱም እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ያለ ሥቃይ የሚኖሩበትን ቤት ስለ ማቋቋም ተነጋገሩ። ሰውየው በሞተ ጊዜ ለቤቱ መስኮት ይሁን ብሎ 500 ፓውንድ ተወላት። እርስዋም ሕክምና ተምራ በ1957 ዓ.ም. ሐኪም ሆነች፤ በ1967 ዓ.ም. የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ የተባለውን ቤት በለንደን ከፈተች። መስኮቱ ከተሰጠ በኋላ ቤቱ እስኪሠራ 19 ዓመት ሆነ። እነዚህ ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሲስሊ ሳንደርስ ለሐኪሞች ያስተማረችው ዋና ነገር ይህ ነው፦ በሽታው ባይድንም ሕመሙ ይታገሣል፤ ሕመምተኛውም እስከ መጨረሻው ቀን ሰው ሆኖ መኖር ይችላል። ሞርፊን የተባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሕመምተኛው እስኪጮኽ ሳይጠብቁ፣ ሕመሙ ከመመለሱ በፊት በሰዓቱ መስጠት እንደሚገባ አሳየች። ደግሞም የሰው ሥቃይ በሥጋው ብቻ እንዳልሆነ፣ ጭንቀትና ብቸኝነትም እንደሚያሠቃዩት ተናገረች። ይህ ትምህርት በብዙ አገር ተስፋፍቷል። በአዲስ አበባም ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በዚህ መንገድ ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየሄደ ይረዳል።

በአርሲ ላሉትም አያት የተደረገላቸው እንዲሁ ነው። ሐኪሞች ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ቧንቧ በምግብ መውረጃቸው ውስጥ አኖሩላቸው፤ መንገዱም ተከፍቶ አጥሚቱና ለስላሳው ምግብ ሳያንቃቸው ይወርድላቸው ጀመር። ለሕመማቸውም በየ4 ሰዓቱ የሚጠጣ ሞርፊን ታዘዘላቸው። የልጁ እናት ማንበብ አታውቅም ነበር፤ አባቱም በእርሻ ይውላል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ልጁ ነበረ። እርሱም በወረቀት ላይ ጧት 12 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ብሎ ጻፈ፤ ወረቀቱንም በግድግዳ ላይ ለጠፈ። ትምህርት ቤት በሚውልበት ሰዓት ታላቅ እኅቱ ወረቀቱን እያየች ታስታውሳለች፤ በቀረው ሰዓት እርሱ ያስታውሳል። መድኃኒቱን ለክታ የምትሰጠው ግን እናቱ ናት፤ ብርቱ መድኃኒት መስጠት የልጅ ሥራ አይደለምና። እናቲቱ መድኃኒቱን በሰጠች ቍጥር ልጁ በወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሌሊት የሚሰማው ማቃሰት ቀነሰ።

አያቱ በተሻላቸው ሰዓት ልጁ ደብተሩን ይዞ ይቀርባቸው ነበር። እርሳቸው የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የቅድመ አያታቸውን ስም እስከ ሰባት ቤት ይቈጥሩለታል፤ እርሱም ይጽፋል። ከቤቱ ሰው ይህን ሁሉ ስም የሚያውቅ ከእርሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። ጐረቤቶችም «ይማርዎ» እያሉ ይመጡ ነበር፤ አንዷ እንጨት፣ አንዷ ወተት ታመጣለች፤ አንዱም ከብቶቹን ያግዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

አያቲቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ኖሩ። በታኅሣሥ ወር አንድ ጧት፣ የልጃቸውን እጅ እንደ ያዙ ዐረፉ። ልጁ እጅግ አለቀሰ። ከለቀስተኞቹ አንዱ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ቢለው፣ አባቱ፦ «ተወው፤ የሚወዳትን አጥቷል፤ ያልቅስ» አለ። ሰባቱ ስሞች በደብተሩ ተጽፈው ቀሩ።

፮፤ ለልጅ የሚገባው ምክር

አያቱ በጽኑ የታመሙበት ልጅ የሚከተለውን ያስብ።

የማያውቀውን ነገር ከጓደኛ ወሬ ሳይሆን ከአባቱ፣ ከእናቱ፣ ከመምህሩ ወይም ከሐኪም ይጠይቅ። ፍርሃት ብዙ ጊዜ ከአለማወቅ ይወለዳል።

በሽታው በእርሱ ጥፋት እንዳልመጣ ይወቅ። ያሳዘናቸው ነገር ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ይቅርታ ይጠይቅ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ምን ይዞ እንደሚመጣ ሰው አያውቅምና።

አያቱ ተለውጠው ቢያያቸው አይሽሽ። ቢከሱም፣ ድምፃቸው ቢደክምም፣ በሕመም ብዛት ቢቈጡም፣ እርሳቸው ያው የሚወዱት አያቱ ናቸው። የሚናገረውን ቢያጣ ዝም ብሎ በአጠገባቸው ይቀመጥ፤ መቀመጡ ራሱ ሥራ ነው።

ለራሱ የሚሆን አንድ ታናሽ ሥራ ይምረጥ፤ ውኃ ማቅረብ፣ ትራስ ማስተካከል፣ ማንበብ፣ እግር ማጠብ ሊሆን ይችላል። የመረጠውንም በሰዓቱ ያድርገው። ታላቅ ነገር ጀምሮ ከመተው ታናሽ ነገር ሁልጊዜ ማድረግ ይበልጣል።

ትምህርቱን አይተው፤ ከጓደኞቹም ጋር መጫወቱን አይተው። አያቱ ታመው ሳለ መሳቁ ኃጢአት አይደለም። ሐዘኑ ከከበደው ግን ለመምህሩ ይንገረው፤ ብቻውን አይሸከመው።

በመጨረሻም ይህን ያስተውል። ካንሰርን ማዳን አንዳንድ ጊዜ ከሐኪምም አቅም በላይ ይሆናል። ሕመምተኛን ብቻውን አለመተው ግን ከልጅ አቅም እንኳ በላይ አይደለም።

ጥያቄዎች

1ኛ፤ ካንሰርና የሳንባ ነቀርሳ በምን ይለያያሉ?

2ኛ፤ ቁስል በሚሽርበት ጊዜ ሕዋሳት ምን ያደርጋሉ? በካንሰር ጊዜስ?

3ኛ፤ ልጁ ከአያቱ የራቀው ስለ ምንድር ነው? የተመለሰውስ በምን ምክንያት ነው?

4ኛ፤ አያቱ «ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው በጠየቁት ጊዜ ልጁ ምን አደረገ? መልሱ መልካም ነበረን? ስለ ምን?

5ኛ፤ ሲስሊ ሳንደርስ ስለ ሕመም ማስታገሻ ምን አስተማረች?

6ኛ፤ ልጁ ማንበብና መጻፍ ማወቁ ለቤተ ሰቡ ምን ጠቀመ?

7ኛ፤ የታመመ ሽማግሌ ወይም አሮጊት በጐረቤት ቢኖር፣ አንድ ተማሪ ሊያደርግላቸው የሚችለውን ሦስት ነገር በደብተር ጻፍ።